ነጻነት በአንድ አቅጣጫ
ጓዙን በጀርባው አዝሎ ለወራት የሚዞር መንገደኛ፣ ቀጠሮም አለቃም አያውቀኝም ብሎ ከቤቱ ይወጣና፣ ከደጁ ሳይርቅ ለዓለም ዙሪያ ትኬት፣ ማለትም የአየር መንገዶች ኅብረት ብዙ በረራዎችን በአንድ ዋጋ ለሚጠቀልልበት ውል፣ በፈቃዱ ይገብራል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድም አባል የሆነበት ስታር አሊያንስ ለዚህ ነጻ ሰው እስከ 15 ማረፊያ ይፈቅድለታል፤ በምላሹ የሚጠይቀው፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ፊቱን ካዞረ በኋላ እንዳያወላውል፣ አትላንቲክንና ፓሲፊክን እንዲሻገር፣ ዓመት ሳይሞላም ከተነሣበት አገር ተመልሶ እንዲገኝ ብቻ ነው። ቀን መለወጥ ይቻላል፤ ሐሳብን መለወጥ ግን ያስከፍላል። በየደረሰበት ነጠላ ትኬት የሚገዛው ብልህ ደግሞ፣ ከምትገባበት አገር መውጫ ትኬት ካላሳየህ አናሳፍርህም ሲባል፣ ሊሄድ ወዳላሰበበት ከተማ፣ ገንዘቡ ተመላሽ ስለሚሆን ብቻ፣ ውዱን ትኬት ይቆርጣል።