የቁልቁለት ወዳጆች

ወዳጅ የምይዘው በጠባዩ ነው ብል ውሸት ነው። የምይዘው በቤቱ አቀማመጥ ነው። ደጃፉ ቁልቁለት የሆነ ሰው ወዳጄ ነው፤ ቀበና፣ ፈረንሳይ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ ሞልተውልኛል። ቤቱን ሜዳ ላይ የሠራ ሰው ግን ሰርግ ቢጠራኝም፣ ለቅሶ ቢደርስበትም የምመጣለት በታክሲ ነው። ቦሌ ላይ እስከ ዛሬ አንድ የረባ ወዳጅ አላፈራሁም።

ምክንያቷ ቮልሴ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1961 ሞዴል ስትሆን ባትሪዋ ባለ 6 ቮልት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለው ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጌ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሸጉጬ አቆማታለሁ። ስወጣ ድንጋዩን አነሳለሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጥ፣ ሁለተኛ ማርሽ፤ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ድንገት ልቅቅ። አንዴ ትንገጫገጫለች፣ አንዴ ታስላለች፣ ትነሳለች። ቸርችል ጎዳና ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ፊቷን አዙሮ ላቆማት ሰው ባትሪ ትርፍ ነገር ነው።

ፋብሪካው ሲሠራት 34 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷት ነበር። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ካርቡራቶር ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ይደክማል። ከ34ቱ ፈረሶች የተወሰኑት አዋሽ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የቀሩት ወደ እንጦጦ መንገድ ላይ ሲያቃስቱ እሰማቸዋለሁ። እኔም አብሬ አቃስታለሁ፤ ብቻቸውን መተው ነውር ይመስለኛል።

የነዳጅ መለኪያ የላትም። ቤንዚን ሲያልቅ መተንፈስ ያቅታታል፤ ያኔ እግር ሥር ያለችውን ትንሽ መዘውር በጫማ ጫፍ ገፋ ሲያደርጓት ለክፉ ቀን የተቀመጠው ቤንዚን ይለቀቃል። ከመንዳቴ በፊት ማወቅ ካማረኝ ደግሞ ቀጭን እንጨት ጋኑ ውስጥ ነከር አድርጌ አያለሁ። በቀደም ማደያ ገባሁና ቀጂው ልጅ መኪናዋን ዞራት፣ ደግሞ ዞራት።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚቀዳው?»

«ከፊት ኮፈኑን ክፈተው።»

«ሞተሩ ላይ ልቅዳ?»

«ሞተሩ ከኋላ ነው።»

ቀዳልኝ። ደግ ልጅ ነው፣ «ውኃዋንስ ልይልዎት?» አለኝ። ውኃ እንደማትፈልግ፣ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ በምንድን ነው የምትሄደው?» አለኝ። «ተገፍታ» አልኩት።

የኔ ዕድሜ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ይሄው ነው። ሰይቼንቶ እንዴት ያለች ታክሲ ነበረች! ውይይት ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀምጠን ስንት ጨዋታ ሰማን! ኤንትሬ ጭነቱን እንደያዘ ጣርማ በርን ሲወጣ ድምፁ! ላዳስ ብትሆን! ይህን ሁሉ እኔም እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሰይቼንቶ ውስጥ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችንን ይነካ ነበር፤ ላዳ ክረምት ላይ ከታች ታፈሳለች፤ የኔዋም ቮልስ ብትሆን የማታ መብራቷ መንገዱን ሳይሆን ራሷን ነው የሚያሳያት። መኪናው አይመስለኝም የናፈቀን። አገጩ ድረስ የሚታጠፍ ጉልበት የነበረው ያ ጎረምሳ ነው የናፈቀን። እሱ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

መካኒኬ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ቮልስ ብቻ ነው የሚነካው። ክረምቱን አቁሜያት ስመጣ እንደ ልጅ ይቆጣኛል። የቆመ መኪና ቤንዚኑ ካርቡራቶር ውስጥ ሙጫ ይሆናል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይተኛል፣ ባትሪው ይሞታል። «መኪና የሚገድለው መንገድ አይደለም፣ ግቢ ነው» ይለኛል። በዚያው ሰሞን ለምርመራ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ነበርና ወጣቷ ሐኪም ስለ ጡንቻ መሟሸሽ፣ ስለ መገጣጠሚያ መድረቅ፣ ስለ መቀመጥ ጣጣ የነገረችኝ ከዚህ አንድ ፊደል አልጎደለም። ልዩነታቸው መካኒኩ ሲመክር እጁን በጨርቅ መጥረጉ ነው።

«ጋሼ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለብዎት» አለችኝ። «ደግሞ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ ነገር ይጨመርበታል። ምን ይሠራሉ?»

«መኪና እገፋለሁ። ይቆጠራል?»

ሳቋ መጣ። «ምን ያህል ይገፋሉ?»

«እንደ ሰፈሩ ነው።»

ዓይኗን ጨፍና አሰበችና፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ በእግሬ ኃይል እስከገፋሁ ድረስ እንደሚቆጠር ፈረደችልኝ።

ልጄ ግን አልተስማማም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቅልቋል፤ እሱም አንዷን ገዛ። አይዲ ፎር ትባላለች፤ እሷም ቮልስ ናት። 204 የፈረስ ጉልበት አላት፣ የኔዋን ስድስት እጥፍ። ሞተሯም እንደ አያቷ ከኋላ ነው፤ ዘር አይጠፋም። ታዲያ መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፣ መስኮቷ በቁልፍ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሽ የለ። ልጄ በሷ እየነዳ ስፖርት ቤት ይሄዳል፣ አራተኛ ፎቅ በሊፍት ይወጣል፣ እዚያ ገንዘብ ከፍሎ ባለበት ይሮጣል።

«አባዬ፣ ይቺን ነገር ሽጣትና እረፍ» ይለኛል።

«ሸጬ ምን ልግፋ?»

የሱን መኪና እንድገፋ አልጋበዘኝም፤ ክብደቷ ከሁለት ቶን ያልፋል። የኔዋ ሰባት ኩንታል ተኩል አትሞላም፤ ለሽማግሌ የምትመጥን ናት።

ስለ ማርሽና ስለ ዕድሜ ከተነሳ ምሩፅ ይፍጠርን ሳላነሳ አላልፍም። ሞስኮ ላይ በ1972 ዓ.ም. አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ሲወስድ የፈረንጅ ጋዜጠኛ ሁሉ ጭንቀቱ ዕድሜው ስንት ነው የሚል ነበር። እኛ «ማርሽ ቀያሪው» አልነው እንጂ የልደት ወረቀት አልጠየቅነውም። መጨረሻው ዙር ላይ ሲቀይር ምንም ድምፅ አይሰማም ነበር። እኔ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስቀይር፣ ጎረቤት ይሰማል።

የሰፈራችን ጎረምሶች ደጎች ናቸው፤ ሲያዩኝ በአንድ እጃቸው ስልክ እንደያዙ በሌላው ይገፉልኛል። ጎረምሳ የጠፋ ዕለት ግን ሥራውን የምንከፋፈለው እኔና ባለቤቴ ነን። እሷ መሪው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። ትዳራችንን የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አላየም።

ባለፈው እሑድ እንደዚሁ ገፋሁ። ከወትሮው ቶሎ ተነሳችና ባለቤቴ በደስታ ክላክሱን ነፋችው። ችግሩ ማቆም አትችልም፤ ከቆመች ትጠፋለች፣ ከጠፋች እንደገና መግፋት ነው። ስለዚህ አደባባዩን ዞራ መጣችና ሳታቆም በሩን በርግዳ «ግባ!» አለችኝ። ጋቢዬን ሰብስቤ አጠገቧ ሮጥኩ፤ የበሩን እጀታ ነካሁት፣ አመለጠኝ። ሁለተኛ ዞረች። «ቀስ በይ!» ስላት «አንተ ፍጠን!» አለችኝ። ሐኪሟ ብታየኝ ሚዛኑንም ጡንቻውንም ባንድ ጊዜ ትመዘግብልኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆረጠችና ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ታጥፋ እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ጥግ ላይ ቆሞ ሲያየን የነበረው ባለሱቅ ወጣ አለ።

«ጋሼ፣ እትዬ ጥለውዎት ሄዱ እንዴ?»

«የት ትደርሳለች?» አልኩት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። «ቤንዚን አልቀዳንም።»