ጉልበቴና ሃይኩ

በእኛ ጊዜ ሕመም በወጉ ይነገር ነበር። የጀመረበት ዕለት፣ በዋዜማው የተበላው፣ ማን ዓይኑን እንደጣለብን፣ የትኛው ጠበል እንደተሞከረ በየተራው ይወጣል፤ ሰሚውም ከንፈሩን እየመጠጠ ያዳምጣል። ዘንድሮ ሐኪም የሆነችው የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሁሉም በ17 ፊደል ያልቃል» ትለኛለች። ሃይኩ ነው አሉ፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት እየተባለ በሦስት ስንኝ የሚቆም የጃፓን ግጥም። እኔና እሷ «እንዴት አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንባባል ብቻ 19 ፊደል ይሄዳል። ወገቤን ገና ሳልጠራ የሁለት ፊደል ባለዕዳ ሆንሁ!

ማጠሩን አልጠላሁትም። ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሰምና ወርቁን ይዞ ያድራል። ግን ባለቅኔው መጽሐፉን ሁሉ አገላብጦ ነው የሚዘርፈው። እነዚህስ? ባሾ የተባለው ሊቃቸው ስሙ የገነነው በእንቁራሪት ነው። ኢሳ ደግሞ ለዝንብና ለቁንጫ ሳይቀር ገጥሟል። ለቁንጫ! ጡረታ እስክወጣ ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁንጫን በዲዲቲ እንጂ በግጥም የተቀበለ ሰው አላየሁም።

አፌን ያስያዘኝ ማሳኦካ ሺኪ ብቻ ነው። ሃይኩ የሚለውን ስም ያጸናው እሱ ነው። ነቀርሳው ከሳንባ አልፎ አከርካሪው ገብቶበት፣ የመጨረሻ ዓመታቱን ከፍራሽ ሳይነሳ የጓሮውን አትክልት እያየ ጻፈ። ደጁ ላይ ገላ መፈተጊያ የሚወጣው የቅል ዘመድ ሐረግ ተተክሎለት ነበር፤ ውሃው አክታ ያወጣል ይባላልና። እ.ኤ.አ. በ1902 በ34 ዓመቱ ሲሞት፣ በዋዜማው የጻፋቸው ሃይኩዎችም ስለዚያው ሐረግ ነበሩ። እኔ ስንቱን ሰው የወጋሁበት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ አልደረሰለትም። እሱስ መድኃኒት ያጣ ሰው ነው፣ ይጻፍ። መድኃኒት ቤቱ አፍንጫዋ ሥር ያለ ሐኪም ግን ምን ቆርጧት ነው?

ጉልበቴን አሳየኋት። ጫን አለች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ከዚያ ማዘዣ ታወጣለች ስል ማስታወሻ ደብተር አወጣች፦

ሰኔ ደረሰ
ያያቴ ጉልበት
ቀድሞ ጮኸ

ቆጠርሁት። በጽሑፍ 17 ነው፤ በአፍ ሲሉት ግን ሳድሶቹ እየተዋጡ 14 ይቀራል። «በገዛ ጉልበቴ ላይ ሚዛን ትሰርቂያለሽ?» አልኋት። ጃፓኖች ብቻዋን የቆመች «ን»ን እንኳ እንደ አንድ ይቆጥሯታል ብላ ረታችኝ። ሰኔ ምን አገባው ብል ደግሞ፣ ወቅት የሚጠራ ቃል ግድ ነው አለችኝ። እነዚህ ቃላት የተሰበሰቡበት ሳይጂኪ የሚሉት መጽሐፍ አላቸው፤ ጉንፋን እዚያ የብርድ ወራት ቃል ነው። ታዲያ ይህ ለእኛ ብርቅ ነው? «ኅዳር» ብሎ ዝም ያለ ሰው በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀውን በሽታ ሁሉ ተናገረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወሩ በገባ በ12 ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን እናጥናለን። ሦስት ፊደል በቃ! 17 ለምን ይባክናል?

እጇንስ ብታዩት! ሃይኩ ስትጽፍ ቁም ጸሐፊ ናት። ማዘዣው ላይ ስትደርስ ግን ፋርማሲስቱና እኔ ግንባር ለግንባር ገጥመን ስንገምት ዋልን።

ይባስ ብሎ ግጥሙ ሰፈሩን አዳረሰው። ሰኔና ሰኞ ገጥሞብኝ እንኳ እንዲህ መሳቂያ አልሆንሁም። ጎረቤቴ ስጥ ከማስጣቷ በፊት ልጇን ትልካለች፦ «እማዬ የአባባ ጉልበት ዛሬ እንዴት አደረ ብላለች።» ማክሰኞ ዕለት «ደህና ነው» ብዬ ብልክባት ዝናቡ ጌሾዋን ጠርጎት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል።