እስክስታ በዲግሪ? አያድርስ!

ከሀገራችን የትምህርት ጥበቦች መካከል ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ አንድ አለ፤ ጭንቅላትንና እግርን ለያይቶ የማስቀመጥ ጥበብ። ጭንቅላት ያለው ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይመደባል። እግር ያለው ኪነት ቡድን ይገባል። ሁለቱንም አጣምሮ የተፈጠረ ልጅ ካለ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክረዋል፤ ብዙ ጊዜም ይድናል።

በውጭው ዓለም ይህ ጥበብ አልገባቸውም። ኮምፒውተር ሳይንስና ዳንስ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ተማሪ ላይ ሲያድሩ ዝም ብለው ያያሉ። ልጁ ጠዋት አልጎሪዝም ተምሮ ከሰዓት በባዶ እግሩ ስቱዲዮ ወለል ላይ ሲንከባለል «አንተ ልጅ፣ ቤተሰብ የለህም?» የሚለው የለም።

እኛ ተመስገን ነው። የ70 በ30 መርሕ የወጣ ጊዜ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ተወሰነ። ቁጥሩ ክብ ነው፤ ሲደመር ልክ መቶ ይመጣል። ከአንድ ዕቅድ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ሕክምና መርጦ ሕክምና የሞላበት፣ ምሕንድስና መርጦ ምሕንድስና የሞላበት ልጅ ስሙን ኮምፒውተር ሳይንስ ዝርዝር ውስጥ ያገኘዋል። መርጦ አይደለም፤ ደርሶት ነው። መምረጥ ለጸጸት ይዳርጋል፣ ምደባ ግን ጥፋቱ የማንም ስላልሆነ እንቅልፍ ይሰጣል።

ትምህርቱም ቢሆን ጥልቅ ነው። ፈተናው በወረቀት ነው። ተማሪው ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ቋንቋ በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይገባና ማሽን ሆኖ ያነበዋል። ሰሚኮለን የጎደለችበት መስመር ላይ ቀይ ክብ፣ ከጎኑ ግማሽ ማርክ ተቀናሽ። ኮምፒውተር ላይ ቢጻፍ ማሽኑ ራሱ በቅጽበት «እዚህ ጋ ጎድሏል» ይል ነበር፤ ይህ ግን ተማሪን ማቀማጠል ነው። የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ደግሞ ሦስት ልጅ ለአንድ ማሽን ነው፦ አንዱ ይነካል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ቦርሳ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ሦስቱም እኩል ይሆናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም ስለተጨመረ ቦርሳ ጠባቂውም ቢሆን አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ። 5 ሚሊዮን ተወዛዋዥ የማፍራት መርሐ ግብር ለምን የለም ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ያለንን ነገር በዕቅድ ማስገባት ሪፖርት ያበላሻል።

ደግሞስ ተወዛዋዡን ማን ረሳው? አዲስ የኮምፒውተር ላብ ሲመረቅ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ኮምፒውተሮቹ ገና ከነላስቲካቸው ናቸው። የባህል ቡድኑ መድረክ ላይ ይወጣና ከጎጃም ተነሥቶ በጉራጌ፣ በኦሮሞ፣ በወላይታ አድርጎ ትግራይ ይደርሳል። ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ ልጅ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ፣ ሻሿን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ብሔረሰብ ትቀይራለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግሩ ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ይሆናል። ተወዛዋዦቹ ምሳቸውን በልተው በመጡበት ሚኒባስ ይመለሳሉ። ላቡ ውስጥ አይገቡም።

ባይገቡም ጥሩ ነው፤ መግባባት ሊመጣ ይችላል። አንድ የፕሮግራሚንግ መምህር ትግርኛውን ረጋ ብሎ ቢያየው ምን እንደሚል አስቡት። ጨፋሪዎቹ ክብ ሠርተው በዝግታ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ከበሮው ሲለወጥ ግን ፊት ለፊት ተያይተው ይፈጥናሉ። «ይኼማ ሉፕ ነው! ምልክት እስኪመጣ የሚደጋገም ሉፕ!» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ለተማሪዎቹ ያሳያቸዋል። ተማሪዎቹ ይገባቸዋል። ከገባቸው በኋላ ሃንድአውቱን ማን ይሸመድዳል?

ይህ ስጋት በሌላ ሀገር ደርሷል። በሮማኒያ፣ ትራንስልቫኒያ፣ ሳፒየንሺያ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ገደማ የባህል ጨፋሪዎችን ከነልብሳቸው ሰብስበው ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጠፉ። ጨፋሪዎቹ ተሰልፈው፣ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጨፍራሉ፤ ትልቁ ቁጥር ከፊት ከሆነ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ካልሆነ ባሉበት ይረግጣሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው ይገኛሉ። ይህ «በብል ሶርት» የሚባለው አልጎሪዝም ነው፤ እኛ ጋ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚለፋበት። አያችሁ ጉዳቱን? የኮምፒውተር ትምህርት አስደሳች ሆነ።

አሜሪካዊው የዳንስ ባለሙያ መርስ ከኒንግሃምም ከዚሁ አይሻልም። በሰባ ዓመቱ፣ አርትራይተስ እግሩን ሲይዘው፣ እንደ ደንቡ ጡረታ ወጥቶ ጸሐይ መሞቅ ነበረበት። እሱ ግን ካናዳ ውስጥ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ «ላይፍ ፎርምስ» የተባለ ሶፍትዌር ይዞ ተቀመጠ፤ በስክሪኑ ላይ ምስሎቹን እያጠፈና እየዘረጋ እንደ ፈረንጆቹ በ1991 «ትራከርስ» የተባለ ዳንስ አወጣ። በ2009 በዘጠና ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ሥራውን አላቆመም። ሽማግሌ እንዲህ ሲሆን ወጣቱ ምን ይማራል?

የእኛው ነገር የመጣው ግን ከእስራኤሏ ሃይፋ ነው። ሩት ኤሼል የተባለች የዳንስ ባለሙያና ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር የዳንስ ቴአትር አቋቋመች። ስሙን «እስክስታ» አሉት። እኛ ሰርግ ላይ ላባችንን የምናፈስበትን ትከሻ ስቱዲዮ አስገቡት፣ አጠኑት፣ ጻፉበት። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ትርፍ ሥራ ነው። የገዛ ትከሻችንን ሌላ ሰው ካጠናልን እኛ ደግመን የምንደክመው ለምንድን ነው?

አንድ የማውቃቸው አባት ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ልጃቸው «አባዬ፣ ጎን ለጎን ዳንስ መማር እፈልጋለሁ» አለቻቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ለጭፈራ ሰርግ መጠራት ይበቃል።»

«ቴክኒኩን ነው እኮ አባዬ።»

«ቴክኒኩ እናትሽ ጋ አለ።»

እውነታቸውን ነው። እናትየው በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበሩ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲዘሉ ያደጉ ናቸው። ዛሬ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። በውጭ ሀገር የዳንስ ተማሪ አናቶሚ ይማራል ይባላል፦ የቱ ጡንቻ የቱን መገጣጠሚያ እንደሚሸከም፣ ከዝላይ እንዴት እንደሚታረፍ። እኛ ጋ ይህ ሁሉ ወጪ ሳይወጣ ሰውየው ራሱ ሃምሳ ሲሞላው ጉልበቱ ያስረዳዋል።

ልጅቷ አባቷን ሰማች። አሁን ኮዷን በእስክሪብቶ እየጻፈች ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ጠረጴዛው ሥር እግሯ ይንቀሳቀሳል አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ዘንድሮ ልጃችሁ በኮምፒውተር ሳይንስ የሚመረቅ ከሆነ እንኳን ደስ ያላችሁ። ድንኳኑም ምግቡም ይደርሳል፤ ተወዛዋዦቹን ግን ከወዲሁ ቀብድ ከፍላችሁ ያዙ። የምርቃት ሰሞን ዋጋ ይጨምራሉ።