ለማንኛውም ይቀመጥ፦ የአንድ ቡናማ ሻንጣ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በአንድ ቤት፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ በተቀመጠ አንድ ቡናማ ሻንጣ ላይ ነው። ናሙናው አነሰ የሚል ካለ መጥቶ ሻንጣውን ያውርደው። እኔ ሳወርደው ቁልፉ ተፈናጥሮ የስንት ዓመት ወረቀት ዝርግፍ ብሎ ራሴ ላይ ወርዷል፤ መረጃ የማሰባሰቡም ሥራ በዚሁ ተጠናቋል።

የሻንጣው ጠባቂ እናቴ ናት። ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ጽሑፍ ሲሰበስብ የኖረ ቢሆንም፣ እንደ እናቴ ያለ ቁርጥ ያለ አመዳደብ የለውም። በእሷ ሥርዓት ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ ማኅተም ያለውና ማኅተም የሌለው። ማኅተም ያለው አይጣልም። ምን እንደሚል፣ ማን እንደ ሰጠው፣ የሰጠው ቢሮ ዛሬ ይኑር አይኑር አይጠየቅም። የኅብረት ሱቁ ተዘግቶ፣ ሌላ ሱቅ ሆኖ፣ እሱም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ የስኳር ኩፖኑ ግን አራት ቦታ እንደ ታጠፈ አለ።

«ምን ያደርግልሻል እማዬ?»

«ቢጠይቁኝስ?»

ማን እንደሚጠይቃት አልነገረችኝም። ስጋቷን ለማጣጣል ግን ሞራሉ የለኝም። አምና ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ እኔ ገና ዳዴ ስል የተከፈለ ደረሰኝ «ዋናውን አምጣ» ተብያለሁ። ዋናው ሻንጣው ውስጥ ነበር። ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችውና በአድናቆት ሳይሆን በቅሬታ መለሰችልኝ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ምክንያት ያሳጣኋት መሰለኝ።

የዛሬው ደረሰኝ ግን እናቴን ከድቷታል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በቀለም አይታተምም፤ ጽሑፉን የሚያወጣው ሙቀት ነው። ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው፣ ፌስታል ውስጥም ሲከርም ይጠፋል። ስለዚህ ሻንጣው ውስጥ በጥንቃቄ የታሰረ አንድ እስር ነጭ ወረቀት አለ። የፍሪጁ ዋስትና ከነዚህ አንዱ ነው።

ጋዜጣ ደግሞ በእናቴ ዘንድ ወረቀት አይባልም፣ ዕቃ ነው። ከተፈጨ እንጨት ይሠራል፤ ሊግኒን የሚሉት የእንጨቱ ክፍል አብሮት ስለሚቀር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶም እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ብራና ቆዳ ነውና ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ዘመን ይሻገራል። ጋዜጣ የተሠራው ለአንድ ጠዋት ነው። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ስንቱ እትም ቆሎ ጠቅልሎ ሄዷል፤ ስንቱስ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ የጭቃ ግድግዳ አልብሷል። እኔ ራሴ ፊደል እንደ ለየሁ ያነበብኩት የመጀመሪያው ርዕሰ አንቀጽ አልጋዬ አጠገብ ተዘቅዝቆ የተለጠፈው ነው። ሐሳቡን አላስታውሰውም፤ አንገቴ ግን ያስታውሰዋል።

በዚህ ዘርፍ ጥናቱ አንድ ግኝት አለው። አባቴ ስሙ የወጣበትን ጋዜጣ መስታወት አስገብቶ፣ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው መስኮት ፊት ለፊት ሰቀለው። ዛሬ የሻይ ቀለም ይዟል፤ ስሙን የሚያነብበው አባቴ ብቻ ነው፣ እሱም በቃሉ ስለሚያውቀው። በዚያው ሳምንት የወጣ ሌላ እትም ብፌው መሳቢያ ውስጥ ከሳህን ሥር ተነጥፎ ተረሳ። እሱ ትናንት የታተመ ይመስላል። ጨለማ አገኘ፣ ደረቅ ቦታ አገኘ፣ ሳይታጠፍ ተዘረጋ፣ ነካኪም አልነበረውም። ጋዜጣ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሌላ ምክር አያሻውም። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፍ፣ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ይልቅ ሳህን ደርድሮበት ይርሳው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። ማኅተም የሌለውን ወረቀት በሰባት ንኡስ ክፍል መድበነው ነበር። ስድስቱን ትተናቸዋል፤ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የእድር ደብተርና የመሳሰሉት በየሰው ቤት ያሉ ናቸው። ሰባተኛው ንኡስ ክፍል አባሉ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ይህ ወረቀት ወርዱ ሁለት ጣት ነው። ከኒያላ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ከሚወጣው ብርማ ወረቀት ተቀድዶ፣ በነጩ በኩል በሰማያዊ እስክሪብቶ ስድስት አሃዝ ተጽፎበታል። ስም የለውም። አራተኛው አሃዝ 1 ወይም 7 ነው። ቤታችን ሲጋራ የሚያጨስ ኖሮ አያውቅም። ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታው ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉ ሌላ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ተቋጥሯል። የቤቱ ካርታ እንኳ ያለው በአንድ ፌስታል ነው።

የቁጥሩን ባለቤት በተመለከተ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ታላቅ እህቴ የቧንቧ ሠራተኛው ነው ትላለች። ወንድሜ የቤት ደላላ ነው ባይ ነው። ሦስተኛ መላምት አለ፤ አባቴ ባለበት አይነሣም። እናቴ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ለሆነ ጉዳይ ነው የያዝኩት። ጉዳዩ ሲመጣ ትዝ ይለኛል።»

በ1998 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስልክ ከስድስት አሃዝ ወደ አሥር አደገ፤ ከፊቱ 011 እና እንደየአካባቢው አንድ ሌላ አሃዝ ተጨመረ። ይህን በትሕትና አስረዳኋት። ቁጥሩ ሞቷል አልኳት።

«ቁጥሩ ይሙት» አለች፤ «ሰውየው ግን አለ አይደል?»

ጥያቄው ሳይንሳዊ ስለሆነ ስልኩን አነሣሁ። ለተጨማሪው አሃዝ ከ1 እስከ 6 ያሉትን፣ ለአራተኛው አሃዝ 1ን እና 7ን ስሞክር ጥሪው አሥራ ሁለት ሆነ። አብዛኞቹ አይሠሩም። አንዲት ሴትዮ «ማንን ፈልገው ነው?» ብለው «እሱን ነው የማላውቀው» ስላቸው ዘጉብኝ። አሥራ አንደኛው ላይ አንድ ሽማግሌ አነሡ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቆይ እስቲ ልጄ፣ አትዝጋው» አሉና ሄዱ። ሳጥን ሲከፈት፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ተመልሰው መጥተው አንድ ስድስት አሃዝ አነበቡልኝ፤ እሳቸውም ጋ ስም የሌለው ቁጥር አለ። «የእናንተ ይሆን?»

የእኛ አይደለም። ግን ጻፍኩት። እናቴ ተቀብላኝ ከመጀመሪያው ጋር ቋጠረችው።

ምደባውን ከዚህ በላይ መቀጠል አላስፈለገም። አንባቢ ሆይ፣ ድሮ ለአንዲት ሴትዮ በኒያላ ፓኮ ብርማ ወረቀት ላይ ስልክዎን ጽፈው ከሰጡ፣ እባክዎ ይደውሉልን። የእኛ ቁጥር ያው ነው፤ አራት አሃዝ ብቻ ተጨምሮበታል።