ለ5,300 ምልክት የቀረበ ውዳሴ

በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚነሣ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር «ሕክምናን ለምን መረጥሁ?» የሚለው ይመስለው የነበረ ሁሉ፣ የማመልከቻው ወቅት ሲደርስ ስሕተቱን ይረዳል፤ ከዚያ የሚቀድም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣና ቤተ ዘመድ የሚያስማክር ሌላ ጥያቄ አለና፤ ይኸውም «ጽሑፉ ስንት ይሁን?» የሚለው ነው። የግል መግለጫ የሚባለው ይህ ጽሑፍ፣ አመልካቹ ከኮሌጅ ውጤቱና ከ472 እስከ 528 ነጥብ ከሚያዝበት የመግቢያ ፈተና ጎን ለጎን፣ ወደ ሕክምና የሳበውን ምክንያት በራሱ ቃል የሚያስረዳበት ነው። አብዛኞቹ የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት፣ በአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚተዳደረው የጋራ አገልግሎትም ለዚሁ 5,300 ምልክት ፈቅዷል። ምልክት ሲባል ፊደሉ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ብቻ ሳይሆን በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ክፍተት ጭምር ስለሆነ፣ አመልካቹ የተናገረበትም ዝም ያለበትም እኩል ይቆጠርበታል፤ ሁሉም ሲደመር አንድ ገጽ ተኩል ገደማ ይሆናል።

መመሪያው ጣሪያውን ተናግሮ ስለ ወለሉ ዝም ማለቱ ለዘመኑ ትልቅ በረከት ሆኗል፤ ከዚህች ዝምታ አንድ ሙሉ የትርጓሜ ጉባኤ ተወልዷልና። የኢትዮጵያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየፈርጁ እንደሚፈቱት ሁሉ፣ በክፍያ የሚያማክሩ የማመልከቻ ጠበብትም 5,300ን ይፈቱታል። አንድም፣ ቦታ የተሰጠው ሊሞላ ነውና 5,299 ላይ ያቆመ ሰው ፍላጎቱ በአንድ ምልክት ጎድሏል ይላሉ። አንድም፣ ጣሪያውን የነካ ራሱን መግታት የማያውቅ ይመስላልና 5,000 ላይ ይቁም ይላሉ። አንድም፣ 4,500 የትሕትና ቁጥር ነው፤ ከዚያ የወረደ ግን ትሕትናው ወደ ስንፍና አዘንብሏል ይላሉ። ሊቃውንቱ «አንድም» የሚሉት ንባቡ የያዘውን ምስጢር ለማውጣት ሲሆን፣ እነዚህኞቹ ግን ገና አንድ ቃል ያልተጻፈበትን ባዶ ወረቀት መተርጐም መቻላቸው ጥበባቸውን የላቀ ያደርገዋል።

የዚህ ሳይንስ ሌላው ግኝት፣ የሰው ልጅ ለሕሙማን ያለው ርኅራኄ እንደየአገሩ የሚረዝምና የሚያጥር መሆኑ ነው። የቴክሳስ ግዛት የራሱ የማመልከቻ አገልግሎት የሚፈቅደው 5,000 ብቻ ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚሻገር አመልካች 300 ምልክት የሚያህል ርኅራኄ ከሻንጣው አውጥቶ ድንበር ላይ ይጥላል። ብሪታንያ ለዓመታት በ4,000 ምልክት ወይም በ47 መስመር ስትወስን ቆይታ፣ በ2026 እ.ኤ.አ. ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ያንኑ 4,000 በሦስት ጥያቄ ከፋፍላ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 350 ምልክት ደንግጋለች፤ ወለል የጠፋባቸው ተርጓሚዎችም በመጨረሻ እግራቸውን የሚያሳርፉበት አግኝተዋል። በኢትዮጵያ በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤታቸው ሕክምና ተመድበው የተማሩት ሐኪሞች፣ አንድም ምልክት ሳይጽፉ ይህን ያህል ዘመን ማከማቸው በዚህ ሳይንስ ገና ያልተብራራ ተአምር ነው።

የቁጥሩ አሠራር በቅርብ ቢታይ ይበልጥ ያስደንቃል። በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደች አንዲት አመልካች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች እንበል፤ እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራዋን ልትሠራ ወጥታለች፤ ቆጣሪው 5,311 ይላል። ወደ ሕክምና የመሯትን ሰዎች በዘረዘረችበት ዓረፍተ ነገር ላይ በቅድሚያ «እናቴ»፣ ቀጥሎ አያቷ፣ ከዚያም የባዮሎጂ መምህሯ ተጠቅሰዋል። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚሸከም «እናቴ» 3 ምልክት ብቻ ሲፈጅ፣ በእንግሊዝኛ «የእኔ» እና «እናት» የሚሉት ቃላት ለየብቻ ስለሚጻፉ መካከላቸው ካለው ክፍተት ጋር 9፣ ነጠላ ሰረዙና ተከታዩ ክፍተት ሲጨመሩ ደግሞ 11 ምልክት ይሆናሉ። መደምሰሻዋ 11 ጊዜ ትነካለች፤ እናት ትወጣለች፤ ቆጣሪው 5,300 ላይ ያርፋል። ይህን የመሰለ ንጹሕ ቀዶ ሕክምና ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማከናወን መቻል፣ ወደፊት ለሚያዝ ቢላዋ የሚሰጠው ተስፋ ቀላል አይደለም።

ከልኩ ያነሰ የጻፈውም ቢሆን አይማረርም። ምክንያቱን በ2,000 ምልክት ተናግሮ የጨረሰ ወጣት «ገና 3,300 ይቀርሃል» ተብሎ ሲመለስ፣ አያቱ በአንድ ሳምንት የዳኑበትን ጉንፋን እስከ ሦስት አንቀጽ ማስታመም ይማራል። ዋትሰን እና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ በ1953 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ላይ ያሳወቁት ከአንድ ገጽ ብዙም ባልበለጠ ጽሑፍ ስለነበር፣ ዛሬ አማካሪ ቢያገኙ ኖሮ ስለ ልጅነታቸው አንድ አንቀጽ ያስጨምራቸው ነበር። የቅኔ ተማሪው በሁለት ቤት ብቻ ሰምና ወርቁን የሚያስማማበት ጉባኤ ቃናም በዚህ ሚዛን ያላለቀ ረቂቅ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ሁሉ ጥበብ በአመልካቾች ላይ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ነው። ሐኪሙ ወደ ሙያው የገባው በ5,300 ምልክት ከሆነ፣ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ የሚገባው በነጻ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከሕመምተኛው የሕመም መግለጫ ሊቀበል ይገባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኝ ጎኑን ታችኛ ክፍል በእጁ ደግፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ተረኛዋ ነርስ ትቆጥራለች፤ ክፍተቱን ጨምሮ 8 ምልክት ነው። 5,292 እንደሚቀረው በትሕትና ትነግረዋለች፤ አስተርጓሚ ተጠርቶ አቤቱታው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 16 መድረሱም ሕመሙ በትርጉም ብቻ በእጥፍ ማደጉን ስለሚያሳይ ሁሉንም ያጽናናል። ይሁንና መክፈቻው ደካማ ነው። ሕመምተኛው ሆዱን ለመታመም መቼ እንደወሰነ፣ ከራስ ምታትና ከወገብ ሕመም ይልቅ ለምን ሆድን እንደመረጠ፣ በሕመሙ ጊዜ ምን ዓይነት የመሪነት ብቃት እንዳሳየና ቁርጠቱ ስለ ሰው ልጅ አብሮነት ምን እንዳስተማረው አላብራራም። «በጣም ያመኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ነገሩን ከመናገር ይልቅ እንዲያሳይ ተብሎ ይመለስለታል፤ ሕመምተኛው ወለሉ ላይ ተንከባልሎ ያሳያል፤ መንከባለል ግን በምልክት ስለማይቆጠር ተቀባይነት አያገኝም።

ሊነጋጋ ሲል ጽሑፉ 4,000 ይደርሳል። በክፍያ የመጣው አማካሪ አያትን የሚመለከት አንቀጽ እንዲታከል ይመክራል፤ የሕመምተኛው አያት በሆድ ሕመም ታምመው እንደማያውቁ ሲነገረውም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቃር እንደተሰማቸው ያስታውሳል። ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ትርፍ አንጀቱ ይፈነዳል። አማካሪው በደስታ ይነሣል፤ ታሪኩ እስካሁን የጎደለው ጡዘት ይኸው ተገኝቷልና፤ ነገር ግን መፈንዳቱ ሲጻፍ ጠቅላላው 5,314 ስለሚሆን፣ ወይ ፍንዳታው ወይ የአያት ቃር መውጣት አለበት፤ ቃሩ ስሜት የሚነካ በመሆኑ ፍንዳታው ይወጣል። የተስተካከለው መግለጫ ለቅበላ ኮሚቴው ቀርቦ ሕመምተኛው በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ጨርሶ ዝም ይላል። ደንቡ እዚህ ላይ ርኅሩኅ ነው፤ ክፍተትም እንደ ምልክት ስለሚቆጠር፣ 5,300 ምልክት የሚያህል ዝምታ ያቀረበ ሰው መግለጫውን ሳያጎድልና ሳያተርፍ አሟልቷል ማለት ነው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ያስቃል፤ ከዚህ በኋላ ግን አያስቅም። ለመሙላት ሲባል መጻፍ ሰው ከማመልከቻው ጋር ትቶት የሚሄደው ልማድ አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው፣ በኮምፒውተር የሚያዘው የሕሙማን መዝገብ ከትናንቱ ወደ ዛሬው እየተገለበጠ ስለሚያብጥ፣ ከብዙ ገጽ መካከል ሕመምተኛው ዛሬ ምን እንደሆነ የምትናገረውን አንዲት መስመር ፈልጎ ማግኘት እንደሚያዳግታቸው ያማርራሉ። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመላላሽ ሕክምና ክፍያ ደረጃ በከፊል የሚወሰነው በታሪክና በምርመራ ረገድ ስንት ነጥብ እንደተመዘገበ በመቁጠር ስለነበር፣ ማስረዘሙ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ሕመምተኛው የመጣበትን ጉዳይ መናገር ከጀመረ በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ስለ ራሱ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ እንዲናገር ተፈቅዶለት ወደ ሙያው የገባ ሰው፣ ለሌላው ሰው የሚተርፈው 18 ሰከንድ ከሆነ፣ ምልክት መቁጠር ያስተማሩት ሁሉ ማድመጥ አላስተማሩትም። ለመሙላት የተጻፈ ጽሑፍ ባዶ ጽሑፍ ነው።

ስለ ገደቡ እውነቱን መናገር ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ የቁጥሩ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ50,000 የማያንሱ ሰዎች ስለሚያመለክቱ፣ ሁሉም ጣሪያውን ቢነኩ ከ265 ሚሊዮን ምልክት የማያንስ ጽሑፍ ይከማቻል፤ ይህን ሁሉ ለሚያነቡ ዐይኖች ጣሪያ መሥራት ምሕረት ነው። ማመልከቻው ከዚህ ሌላ ለልምድና ለተሳትፎ ብቻ እስከ 15 መዝገብ፣ ለእያንዳንዱም 700 ምልክት ስለሚፈቅድ፣ በግል መግለጫው ያልተጠቀሰ ሜዳልያ ቦታ አጥቶ አይቀርም። ጣሪያ ግን ዝናብ እንዳይገባ የሚሠራ እንጂ ሰው ራሱን እስኪመታው ድረስ እንዲረዝም የሚገደድበት አይደለም። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም እንደሚባለው፣ የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ሲጨርስ ያቆማል፤ የሌለውም ቢሆን 5,300 አያድነውም።

ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ መመለስ ይቻላል። አመልካቿ ከእናቷ በፊት ማስወጣት የነበረባት ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አለ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎችን የመርዳት ጥልቅ ፍላጎት ነበረኝ» የሚለው፣ ሌሎች ስፍር ቁጥር የሌላቸው አመልካቾችም የጻፉት ዓረፍተ ነገር፣ በእንግሊዝኛ 60 ገደማ ምልክት ይፈጃል። እርሱ ቢወጣ እናት 11 ምልክቷን ይዛ ወደ ስፍራዋ ትመለሳለች፤ የሌሊት ተራዋም ቢጠቀስ ቦታ አይጠብም። ከዚያም የሚተርፍ ክፍተት ቢኖር፣ መሙላት አያስፈልግም፤ ሆድ ይፍጀው።