የተመረቀው ምንጭ

በመንዝና በግሼ ደጋ፥ እንዲሁም ከጀማና ከወንጪት ሸለቆ መካከል በተቀመጠችው በመርሐ ቤቴ፥ ውሃ የሚነጻበት ጥበብ ከተገኘ ሰንብቶ ሳለ፥ የዓለም ሊቃውንት ይህን ሳይሰሙ ዛሬም በአሸዋ ማጥለያና በክሎሪን ሲደክሙ ማየት እጅግ ያሳዝናል። የእኛ ጥበብ አንድ መቀስ፥ ሁለት ክንድ ሪባንና ማጨብጨብ የማይሰለቸው ጉባኤ ይበቃዋል። እንግዶች በመኪና ይመጣሉ፤ ካህናት ጥላ ዘርግተው ጸሎት ያደርሳሉ፤ መቀሱ ሪባኑን በበጠሰ ጊዜ፥ እስከ ትናንት «ያልተከለለ» ሲባል የኖረው ውሃ በዚያች ቅጽበት «ንጹሕ የመጠጥ ውሃ» ተብሎ በመዝገብ ይሰፍራል። ቋንቋችንም ለዚህ ተአምር አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስላል፤ የሽማግሌውን ቡራኬና የሹሙን መክፈቻ በአንድ ቃል «ምርቃት» ስንል እንጠራቸዋለንና፥ የተመረቀ ውሃ እንደምን ሆድ ሊቆርጥ ይችላል?

ባለፈው በጋ ከመንዟ ከመሐል ሜዳ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ ከእንዲህ ያለ ከአንድ የተመረቀ ምንጭ ደርሼ ነበር። ቀበሌውን አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ቀበሌዎች እኛስ ስለ ምን ቀረን ብለው ይቀየሙኛል። በሲሚንቶው ግንብ ላይ የምርቃቱ ቀን ትናንት የተጻፈ መስሎ ይነበባል። ከብረት ክዳኑ የቀረው ማጠፊያው ብቻ ስለ ሆነ በቦታው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል፤ የአጥሩም እንጨት አንድ ክረምት ምድጃ አሙቆ ዐርፏል። ከምንጩ ዐይን ዐሥር እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ በረት አለ፤ የከብቶቹ ኮቴ በጭቃው ላይ የተወው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አቁሮ፥ የእያንዳንዱ ላም የግል ኩሬ ይመስላል። አንዲት ልጅ በቅል ጀርባ አረፋውን ገፋ እያደረገች ቢጫ ጀሪካኗን ሞላች፤ በጭብጥ ሣርም ወተፈችው። ጀሪካኑን ከማዘሏ በፊት አንድ ቀይ በሬ መጥቶ ከዚያው ስፍራ አፉን ነከረ።

ባና ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ የነበሩትን ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ ሰውና ከብት ከአንድ ቦታ ይጠጣሉ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ አባታችን ያዕቆብ ከነልጆቹ፥ ከነከብቶቹ ከአንድ ጉድጓድ ጠጥቶ የለም እንዴ?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ጥቅሱ እውነት ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ይገኛል። ይሁን እንጂ ሳምራዊቷ ሴት በዚያው ምዕራፍ ጉድጓዱ ጥልቅ እንደ ሆነና ያለ መቅጃ እንደማይቀዳ ተናግራለችና፥ የያዕቆብ ላም መቅጃ ይዛ ካልመጣች በቀር ሰኮናዋን በውሃው ውስጥ አልነከረችም ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 34 ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን አጥብቆ ወቅሷል። ይህን ሁሉ ላስረዳ አሰብሁና ተውሁት። ሽማግሌው ቢያንስ ጥቅስ አላቸው፤ ሪፖርት ጸሐፊው ግን ምን አለው?

ቍጥር አለው። በ2007 ዓ.ም. አገራችን ለዐሥራ አምስት ዓመት ከታቀደው የልማት ግብ ደርሳ ከመቶ ሰው 57ቱ የተሻሻለ ውሃ አግኝቷል ሲባል እኔም ከደስተኞቹ አንዱ ነበርሁ፤ ከብዙ ድካም የተገኘ እውነተኛ ሥራ ነውና በዚያ አልቀልድም። የሚያስቀው ግን «የተሻሻለ» የሚለው ቃል ስለ ግንቡ የሚናገር እንጂ ስለ ውሃው የማይናገር መሆኑ ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1997 ዓ.ም.፥ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባሉበት በተደረገው የአገር አቀፍ ምርመራ፥ «የተከለሉ» ከተባሉት ምንጮች ከሰገራ ተሕዋስያን ነጻ ሆነው የተገኙት ከግማሽ በታች ነበሩ። የኢትዮጵያ ደረጃ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድም ኢ. ኮላይ እንዳይገኝ ያዝዛል። እንግዲህ የተከለለው ምን ይሆን? ምናልባት ውሃው ከምርመራ ተከልሎ ይሆናል። ያ ምንጭ ባለበት ቀበሌ መግቢያ ላይ ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ መሆኑን የሚያበሥር ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ነፋሱ ሲያነሣው ከኋላው ያለውን ቍጥቋጦ ለሚፈልግ ሰው መልካም መከለያ ይሆናል።

በ1854፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ለንደን በኮሌራ ስትታወክ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሙታኑን ቤት እየመዘገበ ምክንያቱ የብሮድ ስትሪት ፓምፕ መሆኑን ስላስረዳ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እኛ በዚህ ረገድ እንግሊዞችን እንበልጣለን፤ የእኛ ፓምፕ እጀታ ሐኪም ሳይደክም በራሱ ይሰበራል። በሽታውንም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፥ ኋላም «አተት» ብለን በማሳጠር እንኳን ሰው፥ ኮሌራው ራሱ ስሙን እንዳያውቅ አድርገን ነበር።

«ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ጥቂት ደቂቃ ከቈየ ጀርሙን ለመግደል ይበቃል። የቸገረው ማገዶው ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነውና፥ ያ ቀይ በሬ ጧት ውሃውን ያበላሻል፥ ማታ ማፍያውን ያዋጣል፤ ከዚህ የተሟላ ምጣኔ ሀብት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አላገኘሁም። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገው የዝናብ ውሃም የበረቱን እበት በፍጥነት ወደ ምንጩ ስለሚያደርስ፥ ትራንስፖርቱ ነጻ ነው።

እንዲህ የምንሆነው መጠበቅ የማናውቅ ሕዝብ ሆነን ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። ዳሩ ግን በመንዝ የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምረው የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዐት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ሾመው፥ ቦታውን ለዓመታት ዘግተው፥ ከፍተውም እንደ ሆነ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ መልሰው እየዘጉ፥ ያለ ፈቃድ ያጨደውን እየቀጡ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር አቆይተውልናል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዐቱን ከነርስቱ ቢያፈርሰውም ያገሩ ሰው ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ለሣር አባ ቄራ የነበረው አገር ለምንጩ ያለው የውሃ ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴውም ሰብሳቢ፥ እንደ ነገሩኝ ከሆነ፥ የበረቱ ባለቤት ነው። ከታች የሚኖረው መርሐ ቤቴ በሞፈር ውሃና በጀማ በኩል የሚደርሰውን አይቶ ቢያጉረመርም፥ ከላይ ሆኖ እየጠጣ አደፈረስሽብኝ ያላትን ጅብ አህያዪቱ የመለሰችለትን ከማስታወስ በቀር ምን ያደርጋል? አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ።

ሥራውስ ከባድ ሆኖ አይደለም። ምንጭ የሚያጎለብት ባለሙያ እስከ ዐይኑ ቈፍሮ፥ ጠጠር ደልድሎ፥ በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ደፍኖ፥ ከበላዩ የጎርፍ መቀየሻ ቦይ አውጥቶ ዙሪያውን ያጥራል፤ ከብቱም ትርፉን ውሃ ከታች በተሠራለት ገንዳ ይጠጣል፤ መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። ከዚህ ሁሉ መካከል በምርቃት ቀን በፎቶግራፍ የማይነሡት ቦዩና አጥሩ ናቸውና፥ ቀድመው የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ምርቃት የተጠራህ አንባቢ ሆይ፥ መቀሱ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ጉባኤውን ትተህ ከምንጩ ዐይን በላይ 30 ሜትር ያህል ዳገቱን ውጣ፤ በረት ካገኘህ ተመልሰህ አታጨብጭብ።