ጥርስ ያበቀለ ጎማ
ለጎሚስታ መክፈል ሞኝነት መሆኑን ያስተማረን የሚኒሶታው ጎረቤቴ ምስጋና ይገባዋል። ፋብሪካ ለብረት ጥርስ ብሎ ቀድሞ የበሳው ጎማ አለ፤ እሱ ግን የሰው ቀዳዳ አይፈልግም። በረዶው ሲጀምር ጋራዡ ውስጥ መሰርሰሪያውን ይዞ ቁጭ አለና በየጎማው መቶ መቶ ብሎን ተከለ። ብሎን በረዘመ ቁጥር አጥብቆ ይነክሳል ብሎም ረጅም ረጅሙን መረጠ። እውነትም ነከሰ፤ በውጭ በረዶውን፣ በውስጥ የገዛ ጎማውን። ሲነጋ አራቱም ተንፍሰው መኪናዋ እንደ ግመል ተንበርክካ ተገኘች። ከዚህ በላይ ደኅንነት ከወዴት ይመጣል? የተንበረከከ መኪና አይንሸራተትም። ጎሚስታው አራት አዲስ ጎማ ከሸጠለት በኋላ አንድ ነገር በነፃ ነገረው፦ በሚኒሶታ ጥርሳም ጎማ ለተራው ነዋሪ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው።